ኬብሉ ሲሰካ ኢንተርኔቱ የሚጠፋበት ላፕቶፕ

ካዛንቺስ ያለ ቢሮ ነው። ካሜራዎቹና የሒሳብ ሰርቨሩ ሆን ተብሎ ከኢንተርኔት ተነጥለው በራሳቸው ስዊች (ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ግን ሰርቨሩን በኬብል፣ ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ነው የሚያገኘው። ኬብሉ ሲሰካ ድረ ገጽ አይከፈትም፣ ሲነቀል ይመለሳል።

ኬብል ቀየርኩ፣ ስዊች ቀየርኩ፣ ፋየርዎል አጠፋሁ፣ የዋይፋዩን ድራይቨር እንደገና ጫንኩ። ወይ ፍንክች!

በሦስተኛው ቀን ዊንዶውስ ላይ «ሩት ፕሪንት» (ላፕቶፑ ወደየትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚልክ የሚያሳይ ትእዛዝ) ብዬ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። ዋይፋዩም ኬብሉም በአንድ ዓይነት የአድራሻ ክልል፣ በ192.168.1.0 ላይ ናቸው። ዲኤንኤስን (የድረ ገጽ ስም በቁጥር ስንት እንደሆነ የሚጠየቅበትን) የሚመልሰው የዋይፋዩ ራውተር 192.168.1.1 ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ኬብሉን አስቀድሞ ጥያቄውን በዚያ በኩል እየላከ መልስ የሚሰጠው አጥቶ ነበር። ዝግ ኔትወርክ ስለሆነ የፈለግነውን አድራሻ እንስጠው ማለት አያዋጣም፤ አንድ ላፕቶፕ ሁለቱን ከነካ ይጋጫሉ።

መጀመሪያ ለዝጉ ኔትወርክ በ172.40 የሚጀምር አድራሻ ልሰጠው ነበር። ደግነቱ አጣራሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1918 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ለግል ኔትወርክ የተወው ከ172.16 እስከ 172.31 ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ በ10 የሚጀምሩት በሙሉ እና በ192.168 የሚጀምሩት አሉ።

የሠራው ይሄ ነው፦ ዝጉን ኔትወርክ በሙሉ ወደ 10.73.20.0፣ ማስክ (የክልሉን ስፋት የሚወስነው ቁጥር) 255.255.255.0 አዛወርኩት። 73 እና 20 ምንም ትርጉም የላቸውም፣ ራውተሮች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ቁጥር እንዳይሆን ብቻ ነው። በላፕቶፑ የኬብል በኩል ጌትዌዩን (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያሳልፈውን አድራሻ) እና ዲኤንኤሱን ባዶ ተውኩ። ይሄን እንዳትረሱ፣ እዚያ ጌትዌይ ከሞላችሁ ኢንተርኔቱ እንደገና ይጠፋል። ካሜራዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ ቀይሩ፣ አሮጌውን አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ።