የአሜሪካን የቀረጥ ጠብ በአንድ ሜትር አቡጀዲ ማስተማር

ከፕሬዚዳንቶች ስም አትጀምሩ። ሞንሮ፣ አዳምስ፣ ጃክሰን እያሉ ሰሌዳ መሙላት፣ በተለይ ከምሳ በኋላ በድሬ ሙቀት፣ ክፍሉን እንቅልፍ ያስወስዳል። እኔ ከቀፊራ ገበያ አንድ ሜትር አቡጀዲ ገዝቼ ነው የምገባው። ቀረጥ ምን እንደሆነ ለማስረዳትም አልደክምም፤ የድሬ ልጅ ጉምሩክን ከፊደል ጋር ነው የሚማረው።

ጨርቁን ዘርጉና ሒሳቡን አሠሯቸው። በ1816 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ከውጭ በሚገባ የጥጥ ጨርቅ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ተንኮሉ ግን ወረድ ብሎ ነው፦ የካሬ ያርዱ ዋጋ ከ25 ሳንቲም ቢያንስም እንደ 25 ሳንቲም ይታሰባል። እንግዲህ ካሬ ያርዱ 8 ሳንቲም የተገዛ የህንድ ጨርቅ ስንት ይቀረጣል? አብዛኛው 2 ይላል። 6 ከሩብ ነው። «ታዲያ ማን ያስገባዋል?» የሚል እስኪገኝ ዝም በሉ።

አሁን ሎዌልን አምጡ። ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል የእንግሊዝን ፋብሪካዎች ዞሮ አይቶ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋልታም ላይ መፍተሉንና መሸመኑን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስገባ ሰው ነው። የሚያመርተው ርካሽና ወፍራም ጨርቅ ነበር። ያቺን የ25 ሳንቲም አንቀጽ ለማስገባት ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ የወተወተውም እሱ ነው።

ከዚያ ክፍሉን ለሦስት ክፈሉ፦ የማሳቹሴትስ ባለፋብሪካ፣ የቦስተን ባለመርከብ፣ የደቡብ ካሮላይና የጥጥ እርሻ ባለቤት። ጥጡን የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ ሰዎች መሆናቸውን አስቀድማችሁ ተናገሩ። አለዚያ ሦስተኛው ቡድን የተበደለ ገበሬ መስሎ ቁጭ ይላል፤ የኔ ተማሪዎች ያዝኑለታል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። የደቡብ ካሮላይናው ፖለቲከኛ ካልሁን የ1816ቱን ቀረጥ ደገፈ፤ በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር የሆነው ዌብስተር ተቃወመ። በ1828 ቀረጡ ይበልጥ ሲከብድ ካልሁን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ስሙን ደብቆ የተቃውሞ ጽሑፍ ጻፈ፤ ዌብስተር ደግሞ ደገፈ። ተማሪዎች «አስመሳዮች!» ይላሉ። ይበሉ። ቀጥላችሁ ግን የየግዛቱ ገንዘብ የት እንደገባ ጠይቁ፦ በማሳቹሴትስ ከመርከብ ወደ ፋብሪካ ዞሯል፤ ደቡብ ካሮላይና ግን ጥጥ እየሸጠ ዕቃ በውድ ይገዛል።

በ1832 ደቡብ ካሮላይና ሕጉን አልቀበልም ማለቷን፣ የጃክሰንን ዛቻና የ1833ቱን የሴናተር ክሌይ ማስታረቂያ በጥቂት ደቂቃ እለፉት። በዚያው ዘመን በብሔራዊ ባንኩ ላይ የነበረውን ጠብ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ከቀረጡ ጋር ከደባለቃችሁት ሁለቱም ይጠፋሉ።

ፈተና ስታወጡ ዓመቱን እናንተው ስጧቸውና «ዌብስተር ለምን ሐሳቡን ለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ።