ሐዋሳ ሐይቅ ሲረጋ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን ሐይቁ ተኝቷል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ቁጭ ብዬ ቡናዬን ስጠጣ፣ የታሰሩት ጀልባዎች መልካቸው ሳይሰበር ውሃው ላይ ይታያል። ክረምቱ ወጥቷል፤ ሰማዩም ጠርቷል። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ከአዲስ አበባ እንግዳ ይጎርፋል። 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጣ ሰው «ዛሬ ይቅርብህ፣ ነገ ጠዋት ትገባለህ» ቢሉት አይሰማም።

እኔ ያደግኩት እዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። ይሄ ሐይቅ ሁለት ጊዜ ክፉኛ አስደንግጦኛል። ሁለቱም ጊዜ ታዲያ ጠዋት ላይ ውሃው እንደ መስታወት የነበረበት ቀን ነው። ማዕበል ባለበት ቀንማ ማን ይገባል? ነጂዎቹ ራሳቸው ጀልባቸውን አስረው ካርታ ይጫወታሉ። ሰው የሚሳሳተው ሐይቁ ሲረጋ ነው። እስቲ ያየኋቸውንና ራሴም የሠራኋቸውን ላውጋችሁ።

ጠዋቱን አይቶ ለከሰዓት መፍረድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጠዋት የረጋው ውሃ ቀኑን ሙሉ የሚረጋ ይመስለናል። ሐይቁ ግን የራሱ ሰዓት አለው።

ነገሩ ቀላል ነው። ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ከውሃው ይልቅ ቶሎ ይግላል። የጋለው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ ቦታውን ለመሙላት ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለው አየር ወደ ዳር ይመጣል። ከተማችን በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስለሆነች ይሄ ነፋስ ፊት ለፊት ይመታናል። ብዙ ጊዜ ወደ ቀትር ሲጠጋ ጀመር ያደርገዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ሲመሽ ይበርዳል። ሌሊት ደግሞ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ አየሩ በተቃራኒው ከከተማው ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። በየቀኑ እንዲህ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ሞገድ የሚወለደው ከሦስት ነገር ነው፦ ከነፋሱ ፍጥነት፣ ከቆየበት ጊዜ እና ውሃው ላይ ከተጓዘው ርቀት። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መካከል ከትንንሾቹ ይመደባል። ስለዚህ ሞገዱ እንደ ባሕር ሞገድ ለማደግ ቦታ የለውም። ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሊለው ግን አይገባም። ትንሽ ሐይቅ ላይ የሚነሳ ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። አንዱ ሄደ ሲሉ ሁለተኛው በሁለት በሦስት ሴኮንድ ይደርሳል። ቁመቱ ከጉልበት ባይበልጥም ዝቅ ያለች ጀልባ አንዱን ሳትወጣው ሌላው ውስጧ ይገባል።

ዓሣ አስጋሪዎቹን እዩ። ብዙዎቹ መረባቸውን ማታ ይጥላሉ፣ ሲነጋጋ ያነሳሉ። 3 ሰዓት ላይ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ብትሄዱ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተገፎ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጭንቅላቱን ለመሻማት ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ሰዎቹ እንዲህ የሚማልዱት ዓሣው ስለሚገኝ ብቻ አይደለም፤ ነፋሱንም ያውቁታል። ለሽርሽር የምትገቡም ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሳችሁ ውጡ። ምሳው የትም አይሄድም።

የስልኩን ሰዓት እንደ እኛ ሰዓት ማንበብ

ይሄ ያስቃል፣ ግን የምሬን ነው። የአክስቴ ልጅ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ከተማ ስምንት ዓመት ኖሮ ነው የተመለሰው። አምና ሊጠይቀን ሲመጣ፣ ከመንገድ ላይ ደውሎ «9 ሰዓት ላይ ነፋሱ 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጀልባ ያዝልን» አለኝ። እኔም ለጀልባ ነጂው በ9 ሰዓት እንመጣለን አልኩት። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «በ9?» አለ። «አዎ፣ ስልክ ላይ ታይቷል» አልኩት በኩራት። ምንም አልመለሰልኝም።

ምሳ በላን። ጥብስ ዓሣውን በዳጣ እየጠቀስን ጨዋታው ደራ። 9 ሰዓት ላይ ዳር ስንደርስ ሐይቁ ነጭ በነጭ ሆኗል። ልጁ ስልኩን አወጣ። እውነትም 09:00 ላይ 6 ይላል። ያ ግን የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የእኛ 9 ሰዓት የተጻፈው 15:00 ላይ ነበር፤ እዚያ ጋ 24 ይላል።

ስለዚህ ስልኩ ላይ ካለው ሰዓት 6 ቀንሱ። 09:00 ሦስት ሰዓት ነው፤ 15:00 ዘጠኝ ሰዓት ነው። መለኪያውንም እዩ። ቁጥሩ በሜትር በሴኮንድ ከሆነ በ3.6 አባዙት፤ በኖት (የመርከበኞች መለኪያ) ከሆነ በ1.85። «6» የሚል ቁጥር በኪሎ ሜትር ከሆነ ቅጠል የሚያወዛውዝ ነው። በሜትር በሴኮንድ ከሆነ ግን ከ21 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያኔ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ በብዛት ይታያል። ደግሞ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ከ10 ወደ 20 የሄደ ነፋስ «ትንሽ ጨመረ» አይባልም።

«ማዕበል ዜሮ» ሲል ማመን

የዚሁ የአክስቴ ልጅ ጉድ አላለቀም። ደርባን የሰርፊንግ፣ ማለትም በሰሌዳ ሞገድ ላይ የመንሸራተት ከተማ ናት፣ እሱም በየጠዋቱ የሞገድ ትንበያ ማየት ለምዷል። ስልኩን ወደ ሐዋሳ አዞረና «ይኸው ዜሮ ነው» አለ።

ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ውቅያኖስ ላይ ሰርፍ የሚደረግበት ሞገድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሩቅ ነው። በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተነሳ ማዕበል የወለደው ሞገድ ቀናት ተጉዞ ዳር ይደርሳል። በሁለት ሞገድ መካከል 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው ደርባን ላይ ነፋስ ሳይኖር ትልቅ ሞገድ የሚኖረው፣ ከቀናት በፊትም መተንበይ የሚቻለው። የኛ ሐይቅ ከሩቅ የሚልክለት ዘመድ የለውም። ሞገዱ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ይሞታል። ነፋስ ሲነሳ ይነሳል፣ ነፋስ ሲቆም ብዙም ሳይቆይ ይተኛል። እነዚያ የሞገድ ትንበያዎች ደግሞ የተሠሩት ለባሕር ነው። እንደኛ ላለ ሐይቅ ዜሮ ሲጽፉ «ረግቷል» ማለታቸው ላይሆን ይችላል፤ ያልተሰላ ነገርም ዜሮ ሆኖ ይታያል።

ለሐዋሳ የሚጠቅመው የነፋስ ትንበያው ነው። እሱም ቢሆን ሰፊ አካባቢን በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ነው፤ አላሙራ ተራራ ጥግ ያለውንና ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ያለውን ለይቶ አይነግራችሁም።

ዳሩን አይቶ መሃሉን መገመት

ክፉኛ ከደነገጥኩባቸው ቀናት አንዱ በዚህ ነው። ሚያዝያ ነበር፣ በልጉ ገብቷል። ከጓደኛዬ ጋር በትንሽ መቅዘፊያ ጀልባ ወጣን። ዳሩ ጸጥ ብሏል፣ ቀዘፋው ቅቤ ነው። እንዲያውም «ዛሬ ጉልበታችን ጨምሯል» ተባባልን። የጨመረው ጉልበታችን አልነበረም፤ ነፋሱ ከጀርባችን ነው። ከከተማው ወደ ሐይቁ እየገፋን ነበር።

ነፋስ ከመሬት ወደ ውሃ ሲነፍስ ዳሩ ሁልጊዜ የረጋ ይመስላል። ቤቱና ዛፉ ይከልለዋል፣ ሞገዱም ለማደግ ርቀት አላገኘም። እየራቃችሁ ስትሄዱ ግን ሞገዱ ያድጋል፤ ከዳር የምታዩት ደግሞ ጀርባውን ስለሆነ አረፋው አይታያችሁም። ሲወጡ ያገዘ ነፋስ ሲመለሱ ይከለክላል።

ከእኛ ራቅ ብለው መረባቸውን የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጆች! ወደ ቤት!» ብለው ተጣሩ። ወደ ወንዶ ገነት በኩል በእጃቸው ጠቆሙ። ተራራው ላይ ደመናው እንደ ጥጥ ተከምሯል፣ ሆዱ ጠቁሯል። እኛ ግን ያየነው ከላያችን ያለውን ሰማያዊ ሰማይ ነው። «ኧረ አባባ፣ ሰማዩ ብራ ነው!» አልኳቸው። «ሰማዩን ተወው፣ ውሃውን እይ» አሉኝ። ሳየው ለስላሳው ውሃ ላይ ጠቆር ያለ ነገር እንደ ጥላ እየሮጠ ይመጣል። ጥላ መሰለኝ። ነፋስ ነበር። የረጋ ውሃ ላይ ነፋስ ሲያርፍ ፊቱን በጥቃቅን ሞገድ ያሻክረዋል፣ ስለዚህ ከሩቅ ጠቁሮ ይታያል።

ነጎድጓዳማ ደመና ዝናቡን ሲያወርድ ቀዝቃዛ አየርም አብሮ ይወርዳል። መሬት ሲደርስ ወደ ጎን ይሮጣል፤ ከዝናቡ ቀድሞ፣ ኪሎ ሜትሮች ርቆ። እኛ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ነው ጀልባችን ውሃ መጠጣት የጀመረችው። ያወጡን ሽማግሌው ናቸው፤ ገመድ ወርውረው ጎተቱን። ምንም አልተቆጡም። ዳር ስንደርስ ግን አንድ ቆሮሶ ሰጡኝና «ለእናትህ ውሰድላት» አሉ። ከቁጣ የባሰ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከመውጣቴ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። በቅድሚያ ዛፍ ጫፍ ወይም የሻይ ቤት ጭስ፦ ነፋሱ ወዴት ነው? ቀጥሎ ምሥራቅ ያለውን ተራራ፦ ደመና ተከምሯል? በነፋሱ ላይ ቀዝፎ መውጣት፣ ከነፋሱ ጋር መመለስ ይሻላል። ሲደክማችሁ ወደ ቤት የሚገፋችሁ ይሁን።

ነጎድጓዱን መናቅ

በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለውን ሴኮንድ ቁጠሩ። በየ3 ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ከውሃ ውጡ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ነው። ስትወጡ ደግሞ ዋርካ ሥር አትጠለሉ። የሐይቁ ዳር ዋርካዎች ለጥላ እንጂ ለመብረቅ አይሆኑም። መኪና ውስጥ ግቡ።

የዝናብ መቶኛውም ያሳስታል። «30 በመቶ» ሲባል ሰው «አይዘንብም» ብሎ ይተረጉመዋል። ከአሥር ቀን ሦስቱ ማለት እኮ ነው።

ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ማድረግ

ሁላችንም አይተናል። የጀልባው ወንበር ይቆረቁራል፣ ጃኬቱ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ይቀመጡበታል። ፎቶ ላይ ቀሚሱን ስለሚሸፍን የሚያወልቁም አሉ። ሐይቁ እኮ ጥልቅ የሆነበት ቦታ ከ20 ሜትር ይበልጣል። ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ ጃኬት መልበስ ደግሞ ሞክራችሁት ከሆነ ንገሩኝ። ለልጅ የሚሆን ልክ ከሌለ ያን ጀልባ ተዉት፤ ሌላ አለ።

ዳር ዳሩን ምንም የለበትም ማለት

ጥልቁን የፈራ ሰው ልጆቹን ዳር ላይ ይለቃል። ውሃው ረግቷል፣ ሞቅ ብሏል፣ ሣር አለው። ቢልሃርዝያ የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ የምትወደው ቦታ እሱን ነው። በሽታው ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ያለ ነው። ጥገኛ ተሕዋሱ ከቀንድ አውጣዋ የሚወጣው በቀን ብርሃን፣ በተለይ ፀሐይ ሲበረታ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥም ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ዳር ላይ የተንቦጫረቀ ልጅ ካላችሁ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሰገራ ምርመራ አሠሩለት። መድኃኒት አለው፣ በኪኒን ይታከማል።

ፀሐዩንም አትርሱ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቀዝቀዝ ያለው ነፋስ ማቃጠሉን ይደብቀዋል፣ ማታ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ጉማሬ ለማየት ስትሄዱም ነጂውን «ጠጋ በል» አትበሉት። ጉማሬ ጠልቆ የት ብቅ እንደሚል አይታወቅም፤ ውሃው መርጋቱ ለእሱም ለእናንተም እኩል ነው።

የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ሊመጣ ነው። ትንበያው ጥሩ ነው፣ ሐይቁም እንደተኛ ነው። ለጀልባ ነጂው 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንደምንደርስ ነግሬዋለሁ። ለልጁም ትናንት ማታ ይህንኑ ጻፍኩለት። መልሱ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፦

«በኛ ነው በፈረንጅ?»