አልቃና ያለኝ ወገቤ እንዴት ተሻለው

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ስፌት መኪና ላይ ተጎንብሼ ስውል ማታ ወገቤ አልቃና ይለኝ ነበር። የጠቀመኝ ለስለስ ያለ ዮጋ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ጣና ዳር ሰሌን አነጥፌ በእጄና በጉልበቴ እደገፍና ጀርባዬን ከትንፋሼ ጋር ቀስ ብዬ አጎብጣለሁ፣ መልሼ ዝቅ አደርጋለሁ። ከዚያ ተረከዜ ላይ ተቀምጬ ግንባሬን መሬት አስነካለሁ። ዋናው ነገር ትንፋሽን ሲያስወጡ ማስረዘም ነው፤ የልብ ምት ይረጋጋል፣ የተወጠረ ጡንቻም ይላላል።

ማታ እናቴ በሰሊጥ ዘይት ታሸኛለች፤ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ እንጂ አጥንቱን አትጫንም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴንና ማሳጅን አካቷል። እግር ካደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ ግን፣ እባካችሁ፣ ወጌሻ ጋ ሳትሉ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ።