አንበሳው ባየው ሁሉ ላይ የሚዘልባችሁ ከሆነ፦ የአዳኝ እንስሳት ባህሪ በአንሪል ኢንጂን 5 (የቪዲዮ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር)

ችግር፦ ተጫዋቹን ባየ ቅጽበት ያጠቃል።
ምክንያት፦ ቢሄቪየር ትሪው (እንስሳው ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው የውሳኔ ዛፍ) የተሠራው ለወታደር ጠላት ነው። «አየሁ» እና «ላጥቃ» አለ፤ በመሃል ማድባት፣ ማስፈራራትና መተው የለም።

መፍትሄ፦ ብላክቦርዱ (ትሪው መረጃ የሚያስቀምጥበት ማስታወሻ) ላይ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ «ረሃብ» የሚባል ፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር) ክፈቱ። ከ60 በታች እስከሆነ አንበሳው ቀና ብሎ ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። የጠገበ አንበሳ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተጋድሞ ነው የሚያሳልፈው። ከ60 ሲያልፍ ያደባል። ረጅም ሩጫ ስለማይችል 30 ሜትር ገደማ ሳይጠጋ አይነሳም። የአንሪል መለኪያ ሴንቲሜትር ስለሆነ ቁጥሩ 3000 ነው፤ 30 ብሎ የጻፈ ሰው አንበሳው ለምን እንደማይነሳ ሲፈልግ ይውላል።

ደቦል ያላት ወይም ግዳይ ላይ ያለች አንበሳ ከረሃብ ቆጣሪው ውጭ ትሁን። ሲጠጓት ታጉረምርም፣ ከባሰም ተንደርድራ መጥታ ሳትነካ ትቁም። ተጫዋቹ ፊቱን ሳያዞር ካፈገፈገ ትተወው፤ ሮጦ ከሸሸ ታሳድደው። ጨዋታውን የሚያጣፍጠው ይሄ ክፍል ስለሆነ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

ችግር፦ ማሳደድ ከጀመረ አያቆምም።
ምክንያት፦ በሳይት ኮንፊግ (የእይታ ቅንብር) ውስጥ ማክስ ኤጅ፣ ማለትም ያየውን የሚያስታውስበት ጊዜ፣ 0 ነው። 0 ማለት ወዲያው ይረሳል ማለት ሳይሆን ፈጽሞ አይረሳም ማለት ነው።

መፍትሄ፦ 5 ሰከንድ አድርጉት፤ በፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ኤአይ ሲስተም ሥር ፎርጌት ስቴል አክተርስን (ጊዜው ያለፈበትን ዒላማ እንዲረሳ የሚያደርገውን) አብሩ። ዒላማውን የያዘውን የብላክቦርድ ቁልፍም አጥፉ፤ ካልጠፋ ትሪው ያንኑ ሰው መከተሉን ይቀጥላል። ለትንፋሽም ገደብ ስጡ፦ ለአንበሳ ጥቂት ሰከንድ፣ ለአቦሸማኔ ከአንድ ደቂቃ በታች። ጅብ ግን ኪሎ ሜትሮችን ስለሚያሳድድ ለሁሉም አንድ ቁጥር አትጠቀሙ።

ችግር፦ ይነሳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል።
ሳይት ሬዲየስ (ማየት የሚጀምርበት ርቀት) እና ሉዝ ሳይት ሬዲየስ (ያየውን ከዓይኑ የሚያጣበት ርቀት) እኩል ናቸው። የመጀመሪያው 6000 ከሆነ ሁለተኛውን 7500 አድርጉ።

ችግር፦ ቀይ ቀበሮ በመንጋ ሆኖ ሰው ያጠቃል።
የአውሮፓ ተኩላ ትሪ ተቀድቶ ነው። የባሌና የሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮ በመንጋ ቢኖርም ብዙውን ጊዜ የሚያድነው ለብቻው ነው፤ ምግቡም በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ሰውን ከዒላማ ዝርዝሩ አውጡና በቀን ብርሃን ጉድጓድ አጠገብ እንዲያደባ አድርጉት። መንጋው የሚሰበሰበው ክልሉን ሲያስከብር ነው።