ስለ እስያው የገንዘብ ቀውስና ስለ ሉላዊነት ሲወራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከታይላንድ ተነስቶ ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች የተዛመተውን የ1997ቱን የገንዘብ ቀውስ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሉላዊነት (የአገሮች ኢኮኖሚ እርስ በርስ መተሳሰር) ደጋፊም ተቃዋሚም ለየራሱ ማስረጃ ያደርገዋል። በሁለቱም ወገን የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

ንግድንና የገንዘብ ዝውውርን አንድ ማድረግ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ታይላንድን የጣላት ከዓለም ጋር መሸጥ መግዛቷ አልነበረም። ባንኮቿና ኩባንያዎቿ ከውጭ የአጭር ጊዜ የዶላር ብድር እየወሰዱ ገቢው በባት (በታይላንድ ገንዘብ) ለሚሰበሰብ ሕንፃና መሬት አዋሉት። የባት ተመን ከዶላር ጋር የተቆራኘ ስለነበር የምንዛሪ ለውጥ ይመጣል ብሎ የተዘጋጀ ጥቂት ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ተመኑን ለማስጠበቅ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱን ካሟጠጠ በኋላ ጁላይ 2 ቀን ባትን ለገበያ ለቀቀው። አንድ ዶላር ከ25 ባት ገደማ ተነስቶ በጃንዋሪ 1998 ከ50 በላይ ሆነ፤ ዕዳውም በባት ሲሰላ ከእጥፍ በላይ አበጠ። የነፃ ንግድ ጠበቃ የሆኑት ኢኮኖሚስት ጃግዲሽ ባግዋቲ እንኳ በ1998 የሸቀጥ ንግድን ጥቅም ለገንዘብ ነፃ ዝውውር መከራከሪያ ማድረግ ስህተት መሆኑን ጽፈዋል።

አንድ ጥፋተኛ ብቻ መፈለግ። የወቅቱ የማሌዢያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር ሞሐመድ በምንዛሪ የሚነግደውን ባለሀብት ጆርጅ ሶሮስን ወነጀሉ፤ ምዕራባውያን ደግሞ የእስያን ሙስናና የዝምድና አሠራር። ኢንዶኔዢያ ውስጥ የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ቤተሰብ ብልሹነት እውነት ነበር። ሆኖም በኖቬምበር 1997 በአይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) ፕሮግራም መሠረት 16 ባንኮች ሲዘጉ ለገንዘብ አስቀማጮች ሙሉ ዋስትና ስላልተሰጠ፣ ሕዝቡ ካልተዘጉት ባንኮችም ገንዘቡን ለማውጣት ተሯሯጠ። ይህ የውሳኔ ስህተት ነው፤ ዋጋውን የከፈሉትም ውሳኔው ላይ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ሳያነሱ ስለ ሙስና ብቻ ማውራት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ማሌዢያን እንደ መደምደሚያ መጥቀስ። ማሌዢያን ያዳናት የካፒታል ቁጥጥር (ገንዘብ ከአገር እንዳይወጣ መገደብ) ነው ይባላል። ቁጥጥሩ ግን የመጣው በሴፕቴምበር 1998፣ ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው። በ1999 ማሌዢያም፣ የአይኤምኤፍን መንገድ የተከተለችው ደቡብ ኮሪያም አገገሙ።

ጉዳዩን የሩቅ አገር ታሪክ ማድረግ። በዚያው 1997 አይኤምኤፍ ኢትዮጵያ የፋይናንስ ገበያዋን እንድትከፍት ይወተውት ነበር። የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ጆሴፍ ስቲግሊትዝ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው የኢትዮጵያን ተቃውሞ ደገፉ። አይኤምኤፍ ራሱም በ2012 የካፒታል ቁጥጥር በአንዳንድ ሁኔታ ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል። እኛ ዘንድ ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው አዋጅ የጸደቀው በዲሴምበር 2024 ነው፤ የሚመጣው ብድር ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል ከአሁኑ መጠየቅ አለብን።