ጋባ-ኤን በካርቶን ጀርባ ላይ መሳል

ቱሉ ዲምቱ ያለችው ፋርማሲያችን ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉን ሸምድደው ነው የሚመጡት። «ዳያዜፓም ጋባን ያግዛል» ይሉኛል፤ ዳያዜፓም የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው፣ ጋባ ደግሞ አንጎል ራሱ የሚሠራው ነርቭ አረጋጊ ኬሚካል። የት ተቀምጦ? ስላቸው ዝም። ያኔ የመድኃኒት ካርቶን ቀድጄ እስክሪብቶ አቀብላለሁ። እናንተም ወረቀት አምጡ።

የምንስለው ጋባ-ኤን ነው፤ ነርቭ ላይ ተቀምጦ ጋባን የሚቀበል ፕሮቲን። አምስት ክብ ሳሉ፤ ቡና ሊጠጡ እንደተቀመጡ ሰዎች ተጠጋግተው፣ መሃሉ ክፍት ሆኖ። መሃሉ ክሎራይድ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ክሎራይድ ሲገባ ነርቩ ይረጋጋል። ክቦቹ ሰብዩኒት ይባላሉ። ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ጋማ፣ ቤታ፣ አልፋ፣ ቤታ፣ አልፋ ብላችሁ ጻፉባቸው። አንጎል ውስጥ በብዛት ያለው ዓይነት ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሰብዩኒት የሴሉን ሽፋን 4 ጊዜ ያቋርጣል፤ ይህቺ ለፈተና ትሁናችሁ፣ ባንኮኒ ላይ ማንም አይጠይቃችሁም።

ቁም ነገሩ ያለው ክቦቹ በሚነካኩበት ነው። በጻፋችሁበት አቅጣጫ ሂዱና ከቤታ ወደ አልፋ በምትሻገሩበት ሁለት ቦታ ሰማያዊ ነጥብ አድርጉ። የጋባ መቀመጫ ነው። ከአልፋ ወደ ቤታ ያለውን ግን ባዶ ተዉት፤ ብዙዎች እዚህ ጋ ነው ሦስተኛ ነጥብ የሚጨምሩት። አሁን ከመጨረሻው አልፋ ወደ ጋማ በሚሻገረው ላይ ቀይ ነጥብ። ዳያዜፓም እዚያ ነው።

ስዕሉን እዩት። ዳያዜፓም የጋባን ቦታ አልያዘም፣ የመሃሉን ቀዳዳ በርም ራሱ አይከፍትም። ጋባ ሲኖር በሩ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ነው የሚያደርገው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፊኖባርቢታል ደግሞ ወደ ታች፣ ሽፋኑ ውስጥ ባለው ክፍል ይገባና በሩን ለረጅም ጊዜ ክፍት ያቆየዋል። መጠኑ ሲበዛማ ጋባም ሳይኖር ይከፍተዋል። የፊኖባርቢታል ከመጠን ማለፍ የባሰ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። የዳያዜፓም ማርከሻ የሆነው ፍሉማዜኒልም አያድንም፤ እሱ የሚቀማው ቀዩን ነጥብ ብቻ ነዋ! ዳያዜፓም በአረቄ የሚወስድ ካጋጠማችሁ ደግሞ አትለሳለሱ፤ ሁለቱ ተደርበው ትንፋሽ ያቆማሉ።

አልፋ በቁጥር የሚለዩ ዓይነቶች አሉት፤ አልፋዎቹ ሥር ቁጥር ጻፉ። 1 ከሆነ በዋናነት እንቅልፍ ነው፣ የእንቅልፍ መድኃኒቱ ዞልፒደም የሚመርጠውም እሱን ነው። 2 ከሆነ ጭንቀት ማርገብ። 4ና 6 ላይ ዳያዜፓም አይቀመጥም፤ ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ መሆን በነበረበት ቦታ አርጂኒን የተባለው አለ። ሌላውን የጋባ ተቀባይ፣ ጋባ-ቢን፣ እዚህ አትቀላቅሉት፤ የራሱ ቀዳዳ የለውም፣ ሴሉ ውስጥ መልእክት በሚያቀብለው በጂ ፕሮቲን በኩል ነው የሚሠራው። ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ባክሎፌን የእሱ ነው።

ስዕሉ የሚፈተነው ልጃቸውን የሚጥለው በሽታ ስላቆመ ፊኖባርቢታሉን ትተው ጸበል ሊወስዱት ያሰቡ እናት ሲመጡ ነው። «እናቴ፣ ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ክኒኑንም አያቋርጡበት» በሏቸው። አንጎሉ በመድኃኒቱ መታገዝን ለምዷል፤ ድንገት ሲቀር ከበፊቱ የከፋ፣ የማያባራ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። መቆም ካለበትም ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለት። ክኒኑ ሳያልቅ ተመልሰው እንዲመጡም ቀኑን ከሽፋኑ ላይ ጻፉላቸው።