ውሻው ገመድ ሲጎትት፡ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

«እኔ ውሻውን አላንሸራሽረውም፣ እሱ ነው እኔን የሚያንሸራሽረኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሲሰሙት ያስቃል። ትከሻው ሲነቀል ለሚውል ሰው ግን ቀልድ አይደለም። ብዙዎች «ንቆኝ ነው»፣ «አለቃ ልሁን እያለ ነው» ይላሉ። ነገሩ ከዚያ በጣም የቀለለ ነው፤ ውሻ የሚጎትተው መጎተት ስለሚያዋጣው ነው። ወደ ዛፉ ጎተተ፣ ዛፉ ጋ ደረሰ። ወደ ሌላው ውሻ ጎተተ፣ ውሻው ጋ ደረሰ። በየቀኑ እንዲህ ከተሳካለት ለምን ይተዋል? ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመዘዙ ናቸው። የማይመዘዙትን ደግሞ በየቦታቸው እለያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ግን እጃችሁ ላይ ያለውን ገመድ እዩት። በቁልፍ እየተለቀቀ የሚረዝመውና ራሱ የሚጠቀለለው ዓይነት ከሆነ ለሥልጠና አይሆንም። ውስጡ ያለው ሞላ ገመዱን ሁልጊዜ እንደወጠረ ይይዘዋል። ውሻው በጎተተ ቁጥር ደግሞ ተጨማሪ ገመድ ያገኛል። እናንተ «አትጎትት» ስትሉት ዕቃው «ጎትት» ይለዋል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚሆን ተራ ገመድ ይበቃል። የአንገት ማሰሪያው በሱና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። አንገት የሚያንቅ ሰንሰለትና ሾህ ያለው ማሰሪያ በበኩሌ አልመክርም። ውሻው ሕመሙን ከመጎተቱ ጋር ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ካየው ሕፃን ወይም ሌላ ውሻ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ያኔ ሌላ የባሰ ችግር ገዛችሁ ማለት ነው።

ችግር፡ ከቤት እስከ ቤት ይጎትታል

መንስኤውን ከላይ ብለነዋል። መፍትሄው አንድ ሕግ ነው፤ ገመዱ ከተወጠረ ጉዞ የለም፣ ገመዱ ከረገበ ጉዞ አለ።

ሲጎትት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። መልሳችሁ አትጎትቱት፣ አትቆጡት፣ ስሙንም ደጋግማችሁ አትጥሩ። እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አስደግፋችሁ ጠብቁ። ትንሽ ይታገላል፣ ከዚያ «ምን ሆነ?» እንደማለት ዞር ብሎ ያያችኋል፣ ወይም አንድ እርምጃ ይመለሳል። ገመዱ መሃሉ ላይ ወደ መሬት ረገብ ሲል «ጎበዝ!» በሉትና ወዲያው ተራመዱ። ጉርሻም ስጡት፤ ጥፍር የምታክል የተቀቀለ ሥጋ ትበቃለች።

የጉርሻው ቦታ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚሰጥ ሰው ውሻውን ወደ ፊት እንዲቀድም እያስተማረው ነው። እንዲሄድ በምትፈልጉበት በኩል፣ የሱሪያችሁ ስፌት አጠገብ፣ በአፉ ከፍታ ስጡት። ከጊዜ በኋላ አፉ ራሱ ያንን ቦታ ይፈልጋል። ገና ሳይጎትት አጠገባችሁ እየሄደ ሳለም ስጡት፤ ከጎተተና ከተመለሰ በኋላ ብቻ የሚጎርስ ውሻ «ጎትቼ ልመለስ» የሚል ጨዋታ ይፈጥራል። ብልጦች ናቸው።

ቆሞ መጠበቅ የማይሠራለት ውሻ አለ። ለእሱ ዞር ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ሊቀድማችሁ የነበረው ውሻ በድንገት ወደ ኋላ ቀረ፤ ደርሶባችሁ ጎናችሁ ሲሆን አጉርሱት። መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትሉ ያየ ሰው ይስቃል። ይሳቅ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበራችሁ ብዙ አትርቁም፣ ተስፋ አትቁረጡ። መሃል ላይ ደግሞ ከበፊቱ ብሶበት የሚጎትትበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ድሮ ይሠራ የነበረው ሲከለከል «ምናልባት አጥብቄ ስላልጎተትኩ ይሆናል» ያለ ይመስላል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ይሸነፋል። እሱም አጥብቆ መጎተት እንደሚያዋጣ ይማራል።

ለሥራ ተቻኩላችሁ ማሠልጠን የማትችሉበት ቀንስ? ሁለት ማሰሪያ ይኑራችሁ። ሥልጠና ሲሆን ገመዱን የአንገቱ ማሰሪያ ላይ እሰሩ፤ እዚያ ላይ ሕጉ አይፈርስም። ስትቸኩሉ ደረቱ ላይ የሚታሰር ሃርነስ አድርጉለት። ቀለበቱ ደረቱ ፊት ለፊት ያለው ሃርነስ ሲጎትት ወደ እናንተ ስለሚያዞረው ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ውሻው ሁለቱን ለይቶ ያውቃል። ቤተሰቡ ግን አንድ ሕግ መያዝ አለበት። እናት ስትቆም ልጅ ተጎትቶ የሚሄድ ከሆነ ድካሙ ለከንቱ ነው።

ችግር፡ ገመዱን ሲያይ ገና ቤት ውስጥ ያብዳል

ገመድ ማለት ውጪ ማለት መሆኑን አውቋል፤ በር ላይ የተቀሰቀሰ ውሻ ደግሞ መንገድ ላይ አይረጋም። ሲዘል ገመዱን መልሳችሁ ስቀሉት። አራት እግሩ መሬት ሲነካ አንሱት። በሩን ስትከፍቱ ከተስፈነጠረ ዝጉት። በመሃል በመሃል ገመዱን አንስታችሁ የትም ሳትሄዱ አስቀምጡት፤ ተራ ዕቃ ይሆንለታል።

ችግር፡ እያነፈነፈ አልሄድም ይላል

ይህን ከችግር አልቆጥረውም። የውሻ አፍንጫ ከ100 ሚሊዮን በላይ የማሽተቻ ተቀባዮች አሉት፤ የእኛ 6 ሚሊዮን ገደማ ነው። እሱ የወጣው ሊያሸት ነው። ስለዚህ ማሽተቱን ደመወዝ አድርጉት። ጥቂት እርምጃ ገመዱ ረግቦ ከሄደ «ሂድ አሽት» ብላችሁ ልቀቁት። ከሥጋ ይልቅ ይህን የሚመርጥ ውሻ ብዙ ነው።

ችግር፡ ገመዱን እየነከሰ ይታገላል

ቡችላ ከሆነ፣ በተለይ ከ3 እስከ 6 ወር ጥርስ በሚቀይርበት ጊዜ፣ አይግረማችሁ። ከዚያ በላይ የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ከልክ በላይ ተቀስቅሷል ወይም ደክሟል። ስትነጥቁት የገመድ ጉተታ ጨዋታ ጀመራችሁ። እጃችሁን አርግቡ፣ ዝም በሉ፤ ሲለቅ ተራመዱ። በአፉ የሚይዘው መጫወቻ መስጠትም ይሠራል።

ችግር፡ ሌላ ውሻ ሲያይ ይጮሃል፣ ይወረወራል

ይህኛው ከተራው መጎተት ይለያል። ወይ ፈርቷል፣ ወይ ሊተዋወቅ ፈልጎ ገመዱ ከልክሎት ተናዷል። የፈራ ውሻ መሸሽ ይፈልጋል፤ ገመድ ላይ ያለ ውሻ ግን መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ «አትጠጋኝ» ብሎ ይጮሃል። እናንተም ሌላ ውሻ ስታዩ ገመዱን ጥብቅ ስታደርጉ «አደጋ አለ» ብላችሁ ነገራችሁት።

መድኃኒቱ ርቀት ነው። ሌላውን ውሻ እያየ ጉርሻ መብላት የሚችልበትን ርቀት ፈልጉ። ምግብ አፍንጫው ሥር ሆኖ ካላየው ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ራቁ። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፤ መጀመሪያ ሌላውን ውሻ ይይ፣ ከዚያ ይጉረስ። ያ ውሻ ከዓይን ሲጠፋ ጉርሻውም ይቁም። እያደር ያንን ውሻ ሲያይ ወደ እናንተ መዞር ይጀምራል። ርቀቱን ቀስ እያላችሁ አጥቡት፤ ለሳምንታት የሚወስድ ሥራ ነው። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ፊት ለፊት አትጋፈጡ፣ ተሻገሩ። ስለጮኸ ብቻ አትምቱት፤ ጩኸቱን ትቶ ፍርሃቱን ይዞ ይቀራል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚነክስ ውሻ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚፈጠረው። ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ አፍ መሸፈኛ አልምዱትና አሠልጣኝ ይየው።

ችግር፡ ቁጭ ብሎ ንቅንቅ አይልም

እዚህ ጋ «ግትር ነው» ብሎ መጎተት ስህተት ነው። መዳፉን አንስታችሁ እሾህ፣ ቁስል፣ የተሰበረ ጥፍር እንዳለ እዩ። ሃርነሱ ብብቱን እየፋቀው እንደሆነ በጣታችሁ ዳብሱ። ፀሐይ ከሆነ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለ7 ሰከንድ አድርጉ፤ እናንተ ካልቻላችሁት እሱም አይችልም። ቡችላ ከሆነ ሩቅ መሄድ ወይም ጫጫታው አስፈርቶት ይሆናል፤ አጠገቡ ተንበርክካችሁ ጠብቁት፣ በራሱ አንድ እርምጃ ሲመጣ አመስግኑት።

ለዓመታት በደንብ ሲሄድ የነበረ ውሻ በድንገት መቆም፣ ወደ ኋላ መቅረት ወይም ሌሎች ላይ መጮህ ከጀመረ ሥልጠናውን አቁሙ። መገጣጠሚያው፣ ጥርሱ ወይም ጆሮው አሞት ይሆናል። ሲጎትት ደረቅ ሳል የሚያስለው ትንሽ ዘር ወይም አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ ውሻ ካላችሁም ገመዱን ከዛሬ ጀምሮ ከአንገቱ ወደ ሃርነስ አዙሩት። ለትንንሾቹ የመተንፈሻ ቧንቧቸው በቀላሉ የሚጎዳ ነው፤ ከላይ ያልኩትን የሁለት ማሰሪያ ዘዴ እነሱ ላይ በሁለት ዓይነት ሃርነስ ተጠቀሙበት። የእንስሳት ሐኪም ጋ ስትሄዱ አካሄዱን በስልካችሁ ቀርጻችሁ ያዙ። ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ደንግጦ ማነከሱን ይደብቃል።